ከሁለት ቁልፍ በስተጀርባ የጮኸ ስልክ

«አቧራ ለብሰሃል፣ መንገዱ ረዘመ፣
ደጅ ደጁን ያየ ዐይን፣ አንተን ሲል ደከመ፣
እም… እምም… እምም…»

ከዚህ በኋላ ያለው ስንኝ ጠፍቶባታል። እዚህ ስትደርስ ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉረዋለች። ዜማው አለ፤ ቃሉ የለም። ዘፈኑ የባሏ ነበር፤ የጭነት መኪና ሾፌር በነበረበት ዘመን መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የሚያዜመው። ማን እንደገጠመው አይታወቅም፤ ከሾፌር ወደ ሾፌር፣ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ሲቀባበል የኖረ ነው። አሁን እሱም ረስቶታል። ምነው ዘፈኑን ብቻ በረሳ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እያንጎራጎረች በመደርደሪያዎቹ መሀል ትዞር ነበር። መጋዘኑ የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ፓምፕ፣ ጀኔሬተር፣ ቧንቧ፣ የኬብል ጥቅል፣ ቆጣሪ፣ በወዲያኛው ጥግ ለብቻው ክሎሪን። ሃያ ሰባት ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ንብረት ጠባቂ ሆና ኖራለች፤ ገና በልጅነቷ ገብታ፣ ፀጉሯ እዚሁ ሸበተ። ጨለማ ቢሆን እንኳ በእግሯ ታውቀዋለች። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። የሚቀጣጠለው ብልጭታ ከሚወጣው አይጎራበትም። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። መሰላል ሳይታሰር አያድርም፤ «ለሌባ መሰላል አበድሮ ሌባ መጣ ማለት አይቻልም» ትላለች። ፎርክሊፍቱ ሥራ ሲጨርስ ሹካው መሬት መንካት አለበት፤ ቁልፉም ተነቅሎ ከወገቧ ጋር ይሄዳል። እያንዳንዱ ዕቃ አንገቱ ላይ ወፍራም ካርድ በሽቦ ታስሮለታል፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ፣ የት እንደሚመለስ የተጻፈበት።

«ጓጉንቸር» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ጫኝና አውራጆቹ ናቸው። በሩን ቆልፋ ሦስት ጊዜ ትጎትተዋለች፤ ከዚያ አሥር እርምጃ ያህል ትሄድና ልቧ አላምን ይላታል፤ ተመልሳ አራተኛ ትጎትተዋለች። በዚህ የሚስቁ ሾፌሮች ነበሩ።

«ይቺ ሴት እኮ፣ ባሏንም በካርድ ነው የምታስወጣው» ይላል አንዱ።

«ሲመለስስ?» ይላል ሌላው።

«ሲመለስማ ጭረት እንዳለበት አገላብጣ አይታ ነው የምትረከበው።»

እሷም ትስቅ ነበር። ባሏም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ባሏ ሽንት ቤት ብሎ ወጥቶ የጎረቤት ግቢ ተገኘ። ሌላ ቀን ደግሞ ጫማውን በእጁ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ሲጠብቅ አገኙት፤ «ጭነቱ ይበላሻል፣ ዛሬ መድረስ አለብኝ» ይል ነበር። ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሐኪሙ አየውና ስሟን በለሆሳስ ጠርቶ፣ የሚድን እንዳልሆነ፣ ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ነገራት። መጠበቅ። ለእሷ ይህን ማለት ለዓሣ ዋኝ እንደማለት ነው።

ቀን ቀን የባሏ ታላቅ እህት አብራው ትውላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቋት፣ እነሱው ቤት የምትኖር ሴት ናት። እትዬ ይሏታል። ሚስቱ ከመጋዘን ስትመለስ ተራው የእሷ ይሆናል። ግን ሰው ነው፤ ዐይን ይዘናጋል። ስለዚህ አንድ ቀን ከመጋዘኑ ካርዶች አንዱን አመጣች፤ ያንኑ ወፍራሙን፣ ቀዳዳው የብረት ቀለበት ያለውን። በደማቅ ቀለም የባሏን ስም ጻፈች፤ «የመርሳት ሕመም አለበት፤ ያገኘ ሰው በዚህ ስልክ ይደውል» አለችና የመጋዘኑን ቁጥር አሰፈረች። ሞባይል እንደ ዛሬው በየሰው እጅ አልገባም ነበር፤ ቤታቸውም ስልክ የለም። የመጋዘኑ ስልክ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከክንዷ ርቆ አያውቅም። ከዚያ የበለጠ የታመነ ቁጥር ከየት ይመጣል? ካርዱን ኮቱ የውስጥ ኪስ ላይ ሰፋችው።

እትዬ መርፌውን አይታ ፊቷ ጠቆረ።

«ወንድሜን እንደ ቧንቧ ካርድ አሰርሽለት?»

«እትዬ፣ የጠፋ ዕቃ የሚመለሰው ካርድ ሲኖረው ነው።»

«ዕቃ አልሽው?»

«አይደለም፤ እርስዎ ይሙቱ። እኔ የማውቀው ይሄንን ብቻ ስለሆነ ነው።»

ባሏ ኮቱን ደባብሶ «ቆንጆ ነው፤ ስንት ኪሎ ይጭናል?» አለ። ሁለቱም ሴቶች ሳይወዱ ሳቁ፤ ነገሩም በዚያ አለፈ።

ወደዚያ ከሰዓት እንመለስ። በዓመት አንድ ጊዜ ቆጠራ አለ። ከቆጠራው በፊት መጋዘኑ ሁለት ቀን ይታሸጋል፤ አንድም ነገር እንዳይገባ፣ አንድም ነገር እንዳይወጣ። ደንቡ የቆየ ነው፦ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ይገባል፤ የአንዱ ቁልፍ ከእሷ ጋር፣ የሌላው ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር። አንዱ ያለ ሌላው መክፈት አይችልም። በላዩ ላይ የወረቀት እሽግ ይለጠፍና ሁለቱም ይፈርሙበታል፣ ክብ ማኅተም ይመታበታል። ከቢሮዋ ወደ መጋዘኑ የሚያስገባ በር ስላለ፣ ቢሮዋም አብሮ ይታሸጋል።

ሰብሳቢው በእድሜ ልጇ የሚሆን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ሙጫውን ይዞ ቆሞ ጠበቃት። እሷ ለመጨረሻ ጊዜ ዞረች። መብራት አጠፋች። የውሃውን መዝጊያ አጠበቀች። ሹካው መሬት ነክቷል። መሰላሉ ታስሯል። እሳት ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። የቢሮዋ የኋላ መስኮት ፍርግርግ፣ ድመት እንኳ እንዳያሳልፍ ራሷ ያስጠበበችው፣ ጠንካራ ነው። ሁሉንም አሰበች። ከቤቱ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ አሰበች፤ ወደ ቤቱ ሊመጣ የሚችለውን ግን አላሰበችም። ጠረጴዛዋ ላይ ስልኩ እንደ ወትሮው ጥቁር ድመት መስሎ ተኝቶ ነበር። ዘጋችበት፤ ቆለፈች፤ ፈረመች።

«ጨረስን?» አለ ሰብሳቢው።

«ጨረስን» አለች። ሦስቴ ጎተተችው።

በማግስቱ እንደ ደንቡ ከታሸገው በር ውጭ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ከዘበኛው ጋር ተቀምጣ ዋለች። ዘበኛውን ሻለቃ ይሉታል፤ አንድም ቀን ወታደር ቤት አልረገጠም፤ ማዕረጉን የሰጠው ጺሙ ነው። ከእሷ በአሥር ዓመት ይበልጣል። ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ደግፎ ሲያንጎላጅ፣ የግቢው በር በኃይል ተንኳኳ።

እትዬ ነበረች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ የለም። ደረቷን ይዛ ቆመች።

«የለም» አለች።

«ማን?»

«ወንድሜ ነዋ። ከቁርስ በኋላ ነው። ዞር ብዬ ስመለስ የለም። በሩን እንዴት እንደከፈተው እንጃ። ሰፈሩን ሁሉ ዞርኩ። መንገዱን ዞርኩ።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ከቁርስ እስከዚህ ሰዓት፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ነው። ተነሥታ ቦርሳዋን ፈለገች፤ ከየት እንደምትጀምር ታወጣ ታወርድ ጀመር። አውቶቡስ ተራ? የድሮው ጋራዥ? እግሯ ገና ከጥላው ሳይወጣ፣ ከታሸገው ክፍል ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

ሦስቱም ቀጥ አሉ።

«እሱ ነው» አለች። ካርዱ ነው። ደግ ሰው አግኝቶታል፣ ኪሱን ገልጦ አንብቧል፣ ቁጥሩን እየመታ ነው። ይህን ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ አወቀችው። ስልኩ ይጮኻል። በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አለ፤ የአንዱ ቁልፍ እጇ ላይ ነው፤ የሌላው ከተማውን ተሻግሮ፣ በሰብሳቢው ኪስ።

ወደ መስኮቱ ሮጠች። መስተዋቱ ገርበብ ብሏል፤ እጇን በፍርግርጉ አስገባች፤ ክርኗ ላይ ሲደርስ ያዛት። ስልኩ ከጣቷ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ይርቃል። ይጮኻል። ፍርግርጉን ያስጠበበችበትን ቀን አስታወሰች፤ በያጁ ሳቅ እያለ «እናቴ፣ ንፋስ እንኳ አይገባም» ብሏት ነበር።

«ዱላ» አለች።

ሻለቃው የመጥረጊያውን እንጨት አቀበላት። አስገባችው። እጀታው ላይ ስትደርስ ሳተችው፤ እንደገና ሞከረች። እጀታው ተንሸራቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጩኸቱ ቆመ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ፣ እንደ ትንኝ የቀጠነ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ሃሎ? መጋዘን ነው? ሃሎ?»

«አለሁ፤ እየሰማሁ ነው» አለች ፊቷን ብረቱ ላይ ለጥፋ። «የት ነው ያለው? የት ናችሁ?»

«ሃሎ… አንድ ሽማግሌ… ካርድ ላይ ያለው ቁጥር… ክሊኒካችን…»

«የትኛው ክሊኒክ? እህቴ፣ የትኛው ክሊኒክ?»

ሻለቃው ሬዲዮውን አጠፋ። ከአጥሩ ማዶ ብረት የሚቀጠቅጡትን «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» እያለ በእጁ ለመነ። ድምፁ ግን ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ነበር። «አንስተው ዝም አሉኝ» አለ። ጠቅ። ከዚያ ያ ሰው የሌለበት ረጅም ድምፅ ብቻ።

ያን ጊዜ ሌላው ነገር ገባት። እጀታው ወርዷል። ከዚህ በኋላ ያቺ ሴት መቶ ጊዜ ብትደውል መስመሩ እንደተያዘ ነው የሚነግራት። በዱላ አንስታ መስቀል ደግሞ የሚሆን አይደለም፤ ሞከረች፤ እጀታው ይባስ ብሎ ከጠረጴዛው ወርዶ በሽቦው ተንጠለጠለ።

«ሰብሳቢው ጋ ልሂድ?» አለ ሻለቃው። «በአውቶቡስ ሄጄ፣ ቁልፉን…»

«ሄዶ መምጣት ግማሽ ቀን ነው።»

በሩ ፊት ቆመች። ወረቀቱ ላይ ፊርማዋ አለ። ትላንት የፈረመችው፣ ጅራቱ ረዘም ብሎ ወደ ላይ የሚታጠፍ ፊርማ። በሃያ ሰባት ዓመት አንድ እሽግ ቀድዳ አታውቅም። ሌላ ሰው ሲቀድድ አይታለች፤ ያ ሰው ሁለተኛ ግቢውን አልረገጠም። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። አጭር ነበር ይላል ሻለቃው። እሷ ግን ረጅም ነበር ትላለች።

«ወረቀት ነው እንዴ የምታዪው?» አለች እትዬ ከኋላዋ።

«ሻለቃ፣ ዲጂኖውን ያምጡ።»

«ልጄ፣ ማኅተም ነው እኮ። በዚህ የሚታሰር ሰው አለ።»

«ያዘዝኩዎት እኔ ነኝ። ያሸገችውም የሰበረችውም እሷ ናት ይበሉ፤ እውነት ነው።»

ዘበኛው ከባዱን የብረት ዘንግ ይዞ መጣና ጓጉንቸሩ ላይ ሊያነጣጥር ሲል ክንዱን ያዘችው።

«እሱን አይምቱ። ጓጉንቸር አይሰበርም። እዚህ፣ ማጠፊያው ጋ፤ ከታች ያለው ብሎን። እንጨቱን ዝናብ በልቶታል። ይጠገን ብዬ ሁለቴ ጽፌያለሁ።»

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሌባ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ስታስብ ኖራለች። ሌባው እሷ ትሆናለች ብላ አላሰበችም። በአምስተኛው ምት ብሎኑ ተነቀለ፤ በሩ በጎኑ ተከፈተ፤ ወረቀቱ ከመሀሉ ተቀደደ። የዲጂኖው ድምፅ እስከ ዋናው መንገድ ተሰምቷል። ጆሮዋ ላይ የቀረው ግን የወረቀቱ ነው።

እጀታውን ሰቀለችው። ተቀመጠች።

«እኔ ልፈልገው» አለች እትዬ፤ በአንድ እግር ጫማዋ ወጣች። ክሊኒክ በየሰፈሩ አለ፤ የት የት ይኬዳል? ሻለቃው ዲጂኖውን እንደ ጠመንጃ ይዞ የተሰበረው በር ላይ ቆመ። እንባ በጺሙ መሀል ወርዶ ነበር፤ ዞሮ ጠረገው።

እንዲህ ያለች ጠባቂ በዘፈን ብዙ አለች፤ ደጅ ላይ የተቀመጠች፣ ዐይኗን መንገድ የበላው።

«በቅሎ አይደለሁ ልጋልብ፣ ወፍ አይደለሁ ልበር፣
ወሬህ እስኪመጣ፣ ልቀመጥ ከበር።»

እሷ ግን የተቀመጠችው ከበሩ ውስጥ ነው፤ ወሬውም በሽቦ ነው የሚመጣው። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ስልኩ ጮኸ፤ ገና በመጀመሪያው አነሳችው።

«ሃሎ፣ ከቅርንጫፍ ነው። ባለ ሁለት ኢንቹ ቧንቧ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

«ታሽጓል። ስልኩን ይዝጉልኝ።»

«ታሽጎ ታዲያ አንቺ እዚያ ምን…»

ዘጋችበት። ሌላ አሥር ደቂቃ። እንደገና ጮኸ።

«መጋዘን ነው?» ያቺው ቀጭን ድምፅ ነበረች። «እግዜር ይመስገን፣ ተገኛችሁ። ስንት ጊዜ ደወልኩ። ከድልድዩ በታች ያለው ክሊኒክ ነን። ቢመጡ ጥሩ ነው። ቶሎ ቢመጡ።»

ወጣች። በሩ በማጠፊያው ተንጠልጥሏል። በዚያ ቤት ከተቀጠረች ጀምሮ ሳትቆልፍ የሄደችው ያን ቀን ብቻ ነው። «ይሂዱ» አለ ሻለቃው፤ አንቺ ማለቱን ረስቶ። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

በታክሲ ደረሰች። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የተቀባ። ነርሷ ገና ወጣት ነች፤ በር ላይ ጠበቀቻትና እጇን ያዘች። እጅ አያያዟ ነገራት።

«አሁን ነው እማማ። ሩብ ሰዓት ቢሆነው ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል። አንሶላው አገጩ ድረስ ነው። ግንባሩ ላይ ፋሻ አለ፤ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ ቦይ ውስጥ ወድቆ ነው ያገኙት። ኮቱ ወንበር ላይ ተጣጥፏል። ጉንጩን በእጇ ጀርባ ነካችው። ገና ይሞቃል።

«ብቻቸውን አልነበሩም» አለች ነርሷ። «ከስልኩ መልስ እጃቸውን ይዤ ነበር። ዕቃውን አስረክቤያለሁ ወይ እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኝ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ አዎ፣ አስረክበዋል አልኳቸው። ያን ጊዜ ዝም አሉ።»

«ደግ አድርገሻል» አለች።

ሩብ ሰዓት። በዱላው የጠፋው ጊዜ አለ፤ እጀታው ወርዶ የዋለበት አለ፤ ወረቀቱ ፊት የቆመችበት አለ። ዕቃ ስትረከብ እንደለመደችው እያንዳንዱን ለየብቻ አንስታ አየችው። የትኛውም በቂ ነበር። ዱላውን ትታ ዲጂኖውን ቀድማ ብታነሳ ኖሮ ትደርስበት ነበር።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ሾፌሮች መጡ፤ ብዙዎቹ ያረጁ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ። ከመቃብሩ መልስ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እትዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«የመሥሪያ ቤት ብረት ሃያ ሰባት ዓመት ጠበቅሽ። አንድ ሰው መጠበቅ አቃተሽ።»

ሰው አንገቱን ደፋ። እሷ መልስ አልሰጠችም። ሻለቃው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና በዐይኗ ከለከለችው።

በሳምንቱ ሰብሳቢው ጠራት። ቆጠራው እሷ በሌለችበት ተካሂዷል፤ ሦስት ሰዎች አራት ቀን ቆጥረዋል። ፊቱ ያለውን ወረቀት ገፋ አደረገው።

«ምንም አልጎደለም» አለ። «አንድ ብሎን እንኳ።»

«ማጠፊያው ላይ አንድ ጎድሏል» አለች።

ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «ለምን ሰው አልላኩብኝም? ቁልፉን ይዤ እመጣ ነበር።»

«ሰዓት አልነበረኝም።»

የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ፈታ፤ መልሶ ቆለፈው። ማስጠንቀቂያ ሊጽፍላት ግድ እንደሆነ ነገራት፤ ደንብ ነው። እሷም ደንብ መሆኑን ታውቃለች፤ ራሷ ብትሆን ትጽፈው ነበር። ፈረመችበትና፣ ልትወጣ ስትል፣ በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያ የሆነውን ልመና ለመነች። ስልኩ ከቢሮው ወጥቶ ዘበኛው ቤት እንዲገባ። መጋዘኑ ሲታሸግ አብሮ እንዳይታሸግ።

«ማን ይደውላል ብለው ነው?» አለ፤ ወዲያው ደግሞ የተናገረውን ዋጠ። «እሺ» አለ። «እሺ፣ ይደረጋል።»

ተደረገም። እስከ ዛሬ ስልኩ ያለው እዚያ ነው።

ቤት ግን ዝም አለ። ሁለት ሴቶች፣ ሦስት ክፍል፣ አንድ ባዶ አልጋ። እትዬ ታበስላለች፤ ሳህኑን በሳህን ከድና ጠረጴዛው ላይ ትተዋለች፤ ወደ ክፍሏ ትገባለች። እሷ ማታ ትመጣለች፤ ክዳኑን ገልጣ ታያለች፤ መልሳ ትከድናለች። ጠዋት በሳህን ያለውን በዕቃ ገልብጣ ይዛ ትወጣና ለሻለቃው ትሰጠዋለች። የምትቀምሰው በጉዞ ላይ ነው፤ ቆማ፣ ከኪሷ ቁራሽ ዳቦ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ማዕድ ፊት አልተቀመጠችም። ቀበቶዋን ሁለት ቀዳዳ አጠበበች። ሻለቃው በአንጻሩ ቀበቶውን አላላ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሥራ ስትገባ፣ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ፣ እትዬ ክፍሏ አልገባችም። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ሁለት ሳህን ነበር የቀረበው።

«ያ ጺማም መጥቶ ነበር» አለች። «‹እትዬ፣ ምግብዎ ጥሩ ነው፤ ግን የኔ ሱሪ አልዘጋ አለ፤ ለባለቤቱ ቢሰጡ› አለኝ።»

ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«ለምንድነው የማትበዪው? የኔን እጅ ተጠየፍሽ?»

«አይደለም እትዬ።»

«ታዲያ?»

እትዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። አሮጊቷ ሴት በአንድ ጊዜ አጥንቷ የወለቀ መሰለች።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች። «ፀሐይ ሞቅ ሞቅ ስትል አየሁና፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ ይቀመጥ ብዬ አወጣሁት። የውጭውን በር ጎረቤት አንኳኩታ ከፈትኩላት፤ ቆመን አወራንና ገርበብ አድርጌው ገባሁ። መቀርቀሪያውን አላደረግሁም። ባንቺ ላይ የጮህኩት እኔው ነኝ። በሰው ፊት።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«መቀርቀሪያው ከላይ ነው። የሱ ቀኝ ክንድ ከትከሻ በላይ ከተነሳ ዓመቱ ነው። ግራው ደግሞ ያን ብረት አይስበውም። ያን ቀን ግቢያችን ገብቼ በሩን እንዳየሁት ነው ያወቅሁት።»

እትዬ አፍጥጣ አየቻት። «አውቀሽ ነው ቀብር ላይ ዝም ያልሽኝ?»

«ምን ልበል? ማን ይመለሳል?» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «እርስዎ በር ረሱ። እኔ በር ዘጋሁ፤ ስልኩን እላዩ ላይ ቆለፍኩበት። ደግሞ ቆምኩ እትዬ። እሱ እየሞተ እኔ ፊርማዬን አያለሁ። እርስዎም አይተውኛል።»

«አጭር ነበር» አለች እትዬ።

«አይደለም።»

«እኔ ከኋላሽ ነበርኩ። አጭር ነበር።»

ጎረቤት ልጅ ሲጮህ ተሰማ፤ አንዲት እናት ጠራችው። መብራት አላበሩም። እትዬ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ ምን እንደምታደርግ ግራ እንደገባት ሰው ክዳኑን አነሳች። የምስር ሾርባ ነው፤ ከጎኑ ዳቦ። እንፋሎቱ ወጣ።

«ሁለት ሳህን ያቀረብኩት አልበላ ካልሽ ሁለቱንም ለዚያ ጺማም ለመላክ ነው» አለች።

«ይፈነዳል።»

«ይፈንዳ።»

ወንበሩን ሳበች። እትዬ ገና ቆማ ነበር።

«ቁጭ ይበሉ እትዬ» አለች። «አብረን እንብላ።»

ተቀመጡ። ዳቦውን ቆርሳ ሾርባው ውስጥ ነከረችው፤ ወደ አፏ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አኘከችው።

«ጨው አንሶታል?»

«ደህና ነው» አለች፤ ደግማ ቆረሰች።